አርባ አንዱ ጠሪዎች

አራት መስመር ናት። ሰው ለቤት አከራዩ የሚልከው የይቅርታ መልእክት ከእሷ ይረዝማል። የጻፍኳት እኔ ነኝ፤ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ለምሳ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣ በአንድ እጄ ዳቦ ይዤ። አሁን ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም። ያኔ ግን ለጉራ ተናግሬዋለሁ፤ ያውም ደጋግሜ።

ምን እንደምትሠራ በቀላሉ ልንገራችሁ። ኮምፒውተር ሜሞሪውን በቁጥር ይከፋፍለዋል፤ ከዜሮ እስከ ጫፍ፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቁጥር አለው። ፕሮግራም ዕቃ ማስቀመጫ ቦታ ሲጠይቅ ታዲያ ከየትም ቁጥር አይጀመርለትም፤ ለአሥራ ስድስት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለሚበልጥ ቁጥር እኩል ከሚካፈል ቦታ እንዲጀምር ይገደዳል። የእኔ ፈንክሽን፣ ያቺ አራት መስመር የኮድ ቁራጭ፣ የተሰጣትን ቁጥር ተቀብላ ቀጥሎ ወዳለው ተስማሚ ቁጥር ከፍ አድርጋ ትመልሳለች። ጫማ መግዛት በሉት፤ እግርህ በሠላሳ ዘጠኝና በአርባ መካከል ከሆነ አርባን ያቀብሉሃል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጣጣው እግርህ ሱቁ ውስጥ ካለው ትልቁ ጫማ የበለጠ እንደሆነ ነው። ሻጭ ሰው ቢሆን «የለንም» ይላል። የኮምፒውተር ቁጥር ግን እንደ ሰዓት ነው፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ዞሮ ዜሮ ላይ ይወድቃል። የእኔ አራት መስመር «የለንም» ማለት አታውቅም ነበር። ለግዙፉ እግር የጨቅላ ጫማ አንስታ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ታቀብላለች።

መሥሪያ ቤታችን ለኩላሊት እጥበት ማሽን ከርነል ይጽፋል፤ ከሌላው ሶፍትዌር ሁሉ ሥር ተቀምጦ ፓምፑን፣ ስክሪኑንና የማስጠንቀቂያ ደወሉን የሚያዘው እሱ ነው። ቢሯችን ከጎማ መደብር በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ረጅም ክፍል ነው። መስኮቱ ሲከፈት ጎማ ይሸታል፤ ሲዘጋ እኛ እንሸታለን። እዚያ ቤት የማይጣስ ደንብ አለ፤ ማንም የጻፈው መስመር፣ ሁለተኛ ሰው አንብቦ ስሙን ከጸሐፊው ስም ሥር ካላሰፈረ፣ ከርነሉ ውስጥ አይገባም።

የእኔን አራት መስመር ያነበበው ኤሊ ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ በሳምንቱ ቢሮው ሁሉ ተቀበለው፣ ፊት ለፊት ግን ሁላችንም «ጋሼ» እንለዋለን። ኤሊ ሃምሳን የተሻገረ፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተጣፈ ሰው ነው። ኮድ የሚያነበው በወረቀት አሳትሞ፣ ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር አስቀምጦ፣ በእርሳስ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብሎ የተረተው ሰው የእሱ ቅድመ አያት ሳይሆን አይቀርም፤ እንቁላሉም እስካሁን በመንገድ ላይ ነው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልረገጥኩም። ከአባቴ የብየዳ ቤት ጀርባ፣ ሰው የጣለውን ኮምፒውተር ገጣጥሜ፣ የእሳት ፍንጣሪ በጠቃጠቀው ጠረጴዛ ላይ ራሴን ያስተማርኩ ነኝ። ባለዲግሪዎቹን ስበልጣቸው ደስታዬን አልደብቅም፤ ምን አስደበቀኝ? አባቴ «ምላጭ» ይለኛል። ለመልኬ አይደለም፣ ለምላሴ ነው።

ኤሊ አራቱን መስመር ሦስት ቀን ያዛቸው። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ይዞ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣና ቁጥሩ ጫፉ አካባቢ ቢሆንስ ብሎ ጠየቀኝ። ሁሉም እየሰማ፣ እዚያ ድረስ የሚዘልቅ ፕሮግራም ካለ እኔ ራሴ በር ላይ ቆሜ እጁን እንደማስታጥበው ነገርኩት። ቢሮው በሳቅ ተንከተከተ። አለቃችንም ሳቀ፤ ሳቁን ሲጨርስ ሰዓቱን አየና ሥራው ዛሬ ይለቀቅ አለ። ኤሊ ወረቀቱን ለሁለት አጥፎ ፈረመ።

ባለፈው ወር መጨረሻ፣ ከከተማችን የስድስት ሰዓት መንገድ በሚርቅ አንድ ክሊኒክ፣ አንዲት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ማሽኑ ላይ እንዳለች ሞተች። ስክሪኑ ደርቆ ቀረ። ደወሉ አልጮኸም። ፓምፑ ግን አልቆመም፤ መጨረሻ የታዘዘውን ይዞ ከሰውነቷ ውኃ መሳቡን ቀጠለ። ነርሷ ሌላ ክፍል ነበረች። ስትመለስ የሚለካ የደም ግፊት አልነበረም።

ሪፖርቱ ቢሯችን የደረሰው ሐሙስ ጠዋት ነው። ሌሎቹ የመብራት መቆራረጥ ነው፣ የለም የሞተር ብልሽት ነው እያሉ ሲከራከሩ እኔን አንድ ዓረፍተ ነገር ያዘኝ። ማሽኑ ስድሳ ሦስት ቀን ሳይጠፋ ሠርቷል ይላል። ሌሎች ክሊኒኮች ሥራ ሲጨርሱ ያጠፉታል፤ እዚያ ግን ታካሚ ስለበዛ በፈረቃ ሲያሠሩት አጥፍተውት አያውቁም። ያልጠፋ ማሽን መዝገቡን እየጻፈ፣ እየጻፈ፣ አንድ ቀን የሜሞሪው ጫፍ ላይ ይደርሳል። እዚያ ደርሶ ቦታ ሲጠይቅ የምታቀብለው ማን ናት?

ፋይሉን ከፈትኩት። አምስት ሰዓት ነበር። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ዜሮ ላይና ከዜሮ ቀጥሎ የተቀመጡት የፓምፑና የደወሉ ትእዛዞች ናቸው፤ የእኔ ፈንክሽን መዝገቡን በእነሱ ላይ አስጽፋዋለች።

ወዲያው መናገር ነበረብኝ። ደንቡ ግልጽ ነው። ሰው የገደለ ጥፋት ምንጩ ከታወቀ፣ እርማቱ በሁለት ስም ተፈርሞ፣ ሙከራ ክፍል ውስጥ ሃያ አራት ሰዓት ሠርቶ እስኪያልፍ ድረስ፣ የዚያ ዓይነት ማሽን በሙሉ ይቆማል። በየቀኑ አጥፍተው ያብሩት ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ሰው ከሞተ በኋላ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ መላ አይሰማም። ዘጠኝ ክሊኒክ፣ ስድሳ ስምንት ማሽን። ከስድሳ ስምንቱ በአንዱ ላይ በዚያው ሰዓት አባቴ ክንዱን ዘርግቶ ተኝቷል፤ ገና መሰካቱ ነው። እጥበቱ አራት ሰዓት ይፈጃል። የእሱ ክሊኒክ ማታ ማታ ማሽኖቹን እንደሚያጠፋ አውቃለሁ፤ ስለዚህ እሱን የሚነካው ነገር የለም። የሌሎቹን ክሊኒኮች አላውቅም ነበር።

ዝም አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ከሌሎቹ ጋር ስለ መብራት መቆራረጥ ተከራከርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህቴ ደውላ አባባ ጨርሷል፣ ወደ ቤት እየሄድን ነው ስትለኝ ተነሥቼ አለቃው ክፍል ገባሁ። አገኘሁት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩት። በእነዚያ አራት ሰዓታት ማንም አልሞተም። ያን ያወቅኩት ግን ማግስቱን ነው።

ማሽኖቹ በሙሉ ቆሙ። ሌላ ዓይነት ማሽን ያለው አንድ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ እሱም የራሱ ታካሚዎች ሞልተውታል፤ የተረፈችውን ቦታ በተራ ያድላል። አባቴ ተራው አሥራ አራተኛ ሆነ። ሐኪሙ እህቴን ለብቻዋ ጠርቶ፣ ውኃ ካልጠጣ እስከ እሑድ ይችላል፣ ሰኞን እግዜር ያውቃል አላት። አባቴ ከታመመ ወዲህ ሽንት የሚባል ነገር አያወጣም፤ የጠጣው ሁሉ እዚያው ነው።

እርማቱን የጻፍኩት በሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ጠሪዎቹ፣ ማለትም ያቺን ፈንክሽን የሚጠቀሙት የከርነሉ ክፍሎች፣ የተመለሰላቸውን ቁጥር ከሜሞሪው ጫፍ ጋር ያነጻጽራሉ፤ ከጫፉ በላይ ከሆነ ይተዉታል። ችግሩ ዜሮ ከጫፉ በታች መሆኑ ነበር፤ ስለዚህ ማንም ሳይጠረጥረው ያልፋል። እኔም ቁጥሩ ጫፉን ሲያልፍ፣ ዜሮ በመመለስ ፋንታ፣ ካለው ቁጥር ሁሉ የመጨረሻውን ትልቁን እንድትመልስ አደረግኳት። እሱን ያየ ጠሪ ሁሉ ይመለሳል። ሁለት መስመር ጨመርኩ፤ ስድስት ሆነች። ያማረች ነበረች።

ማን ያንብባት? ትናንት በቀልዴ ጥርሳቸውን ያላስከደንኳቸው ሁሉ ድንገት ሥራ በዛባቸው። አንደኛው ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያመጣ ብድግ አለ፤ ልጅ እንዳለው ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ከሰው ገዳይ ስም ሥር ስሙን ማስፈር ማን ይወዳል? ዓርብ ጠዋት ኤሊ ወንበሩን እየጎተተ መጣና «አሳትሚልኝ» አለ።

ስድስት መስመር በአንድ ሰዓት ያነባል ብዬ ነበር። እሱ ግን ስድስቱን አንብቦ ሲያበቃ ጠሪዎቹንም አሳትሚልኝ አለኝ። ስንት ናቸው ብሎ ጠየቀኝ፤ ወደ ሃያ ይሆናሉ አልኩት። ፈልጎ ሲቆጥራቸው አርባ አንድ ሆኑ። አርባ አንዱንም፣ እያንዳንዱን ከነዙሪያው፣ ሊያነብ ተቀመጠ። ማስመሪያውን አስተካከለ። እርሳሱን ቀረጸ። እርሳሱን ሲቀርጽ የምገባበት ጠፋኝ።

ዓርብ ማታ ቤት ስደርስ እህቴ ከልብስ ንጽሕና ቤት ሥራዋ መጥታ፣ የአባቴን ቅልጥም በአውራ ጣቷ ተጭና ትቆጥር ነበር። ጣቷን ስታነሣ ጉድጓዱ ይቀራል፤ እስኪሞላ የሚፈጀውን ትቆጥራለች። ዓርብ ዕለት አሥራ ሁለት ቆጠረች። አባቴ ሊጥ አደረግሽኝ አላት። ሳቅን፤ ከዚያ በረዶ ስጡኝ አለ፤ እህቴ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል በረዶ አንድ ብቻ ምላሱ ላይ አስቀመጠችለት። ዕድሜውን ሙሉ ከብረት ጋር ሲታገል የኖረ ሰው፣ በረዷ አልቃ እንዳትጠፋበት ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ገጥሞ ሲጠብቃት ማየት አንጀት ይበላል።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ኤሊ አሥራ አንደኛው ላይ ነበር። በየመስመሩ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ወረቀት ጠርዝ ላይ ቁጥር ይደምራል። በመጨረሻ አልቻልኩም። ጠረጴዛው ላይ ተደግፌ፣ ጋሼ፣ አባቴ ሰውነቱ ውኃ እየሞላ ነው፣ አንተ በማስመሪያ ትለካለህ፣ አንብበህ ስትጨርስ ለተዝካሩ ትደርሳለህ አልኩት። እሱ እርሳሱን አስቀመጠ።

«ፋይሉን መቼ እንደከፈትሽው አይቻለሁ» አለ፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አምስት ሰዓት ላይ ነው። ለአለቃ የነገርሽው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ አልናገርምም። አባት ነው፤ እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን የማደርገውን አላውቅም። ግን ሁለተኛ አታስቸኩይኝ። ያን ጊዜ የፈረምኩት ገብቶኝ አይደለም። አፍሬ ነው። ሴትየዋ ስትሞት ስሜ ከስምሽ ሥር ነበር፣ አንቺ ልጅ።»

እርሳሱን አነሣ። እኔ ምላሴን ይዤ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። የምመልሰው አጥቼ አልነበረም፤ የምመልሰው ነገር ሞልቶኝ ነበር፤ አንዱም ግን አባቴን ማሽን ላይ አያስተኛውም።

አሥር ሰዓት ላይ አለቃው ወደ ክፍሉ ጠራኝ። የዘጠኙ ክሊኒኮች ስልክ እንቅልፍ ነሥቶታል፤ ዓይኑ ደም ለብሷል። ደንቡ ሁለተኛ ሰው ይፈርም ይላል እንጂ ኤሊ ይፈርም አይልም አለ። እሱ ራሱ ስድስቱን መስመር አይቷቸዋል፣ ትክክል ናቸው፣ ስሙን አስገብቷል። አሁን የቀረው የጸሐፊዋ ፈቃድ ነው፤ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ። ከተጫነ በኋላ ሙከራው ይጀምራል፣ በሃያ አራት ሰዓት ያልቃል፣ ማሽኖቹ ይነሣሉ። ሲጨርስ «ያባትሽን ነገር ሰምቻለሁ» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ያን ቀን ክፉ ሰው አላጋጠመኝም።

ወዲያው ያልጫንኩት ለምን እንደሆነ እስካሁን በደንብ አላውቀውም። ቤት ሄድኩ። ጉድጓዱ ሃያ ስድስት ደርሷል። አባቴ ጋደም ማለት አቅቶት ትራስ ተደራርቦለት ተቀምጧል፤ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ከፍሎ ነው የሚናገረው። ሁሉንም ነገርኩት፤ የእኔን ጥፋት፣ የኤሊን ወረቀት፣ የአለቃውን ስም። አራቱን ሰዓት ብቻ ዘለልኩ። አባቶች እንዲህ ባለ ጊዜ ትልቅ ነገር ይናገራሉ ሲባል እሰማለሁ። የእኔ አባት አልተናገረም።

«ያ ስድስት መስመር… ልክ ነው?» አለኝ።

ልክ ይመስለኛል አልኩት።

«እንግዲያው ምን ትጠብቂያለሽ፣ ምላጭ? ተጫኚውና… አስነሺኝ። እኔ እኮ ገና ነኝ።»

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ ልጫነው ቢሮ ገባሁ። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። የአለቃው ስም ስክሪኑ ላይ አለ፤ ከጎኑ ቁልፉ። ኤሊ ሰንበቱንም አልተወውም፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሃያ ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ጣቴን አስቀምጬ፣ ለልቤ ዕረፍት ብዬ፣ ጠሪዎቹን አንድ በአንድ በቃሌ ማስታወስ ጀመርኩ፤ እያንዳንዱ ከጫፉ ጋር እንደሚያነጻጽር ለራሴ እያረጋገጥኩ። አንድ፣ ሁለት፣ እያልኩ አሥራ ዘጠኝ ላይ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ባዶ ነው። ብዙዎቹን የጻፍኳቸው እኔ ነኝ፤ የራሴ ስለሆኑ አውቃቸዋለሁ እያልኩ፣ እርማቱን ስጽፍ አንዱንም ከፍቼ አላየሁም ነበር። ባለፈውም እንዲሁ ነው። ያኔ አላየሁም፣ አሁንም አላየሁም፤ ጣቴ ግን ቁልፉ ላይ ነው።

ጣቴን አነሣሁ። ሄጄ ኤሊ ፊት ቆሜ የመጨረሻዎቹን ወረቀቶች ስጠኝ አልኩት። ከሥር ከፍሎ አሥሩን አቀበለኝ፤ ትርፍ ማስመሪያም ነበረው። ራሱን ነቀነቀና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። እኔ ከአርባ አንድ ወደ ታች፣ እሱ ከሃያ ሁለት ወደ ላይ ማንበብ ጀመርን። በየሰዓቱ እህቴ የጉድጓዱን ቁጥር ብቻ ትልክልኛለች፦ ሠላሳ አንድ። ሠላሳ አራት።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ነበርኩ። የግፊት ማስጠንቀቂያ ሲነሣ ሁኔታውን የሚመዘግበው ክፍል ነው፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ መቼ እንደጻፍኩት አላስታውስም። እንደ ሌሎቹ ያነጻጽራል። ግን ከማነጻጸሩ በፊት ለራስጌው፣ ማለትም ከመዝገቡ ፊት ለሚጻፈው መግለጫ፣ ቦታ ብሎ ሠላሳ ሁለት ይደምራል። በመጨረሻው ትልቅ ቁጥር ላይ ሠላሳ ሁለት ሲደመር ዞሮ ሠላሳ አንድ ይሆናል። ሠላሳ አንድ ከጫፉ በታች ነው፤ ያልፋል። ሠላሳ አንድ ላይ የተቀመጠው ደግሞ ያው የፓምፑ ትእዛዝ ነው። ያማረችው ስድስት መስመሬ ያንኑ ሞት በሌላ በር ታስገባለች።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ወረቀቱን ኤሊ ፊት አስቀምጬ ጣቴን መስመሩ ላይ አደረግኩ። «እኔ ብሆን ነገ ነበር የምደርስበት» አለ።

ፈንክሽኗን እንደገና ጻፍናት፤ ውጤቱንና «የለም» የሚለውን ምልክት ለየብቻ እንድትመልስ፣ ምልክቱን ያላየ ጠሪ ጨርሶ እንዳይሠራ። አርባ አንዱንም ነካካናቸው፤ ስለዚህ አርባ አንዱም እንደገና መነበብ ነበረባቸው። አለቃው መጥቶ ስሙን ሰረዘ፤ ፊቴን ሳያይ ወጣ። ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ኤሊ ፈረመና ሙከራው ተጀመረ። ሃያ አራት ሰዓት። እሱን የሚያሳጥር ማንም የለም።

ሰኞ ከሰዓት አባቴ ትንፋሽ ስላጠረው ሆስፒታሉ በድንገተኛ ተቀበለው፤ ተቀበለው ማለት ኮሪደር ላይ፣ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ፣ ጋሪ አልጋ ላይ ተኛ ማለት ነው። ከፊቱ አራት ሰው ነበር፤ አራቱም እንደ እሱ ከእኛ ማሽን የተነሡ። አጠገቡ አንዲት ወፍራም ነጋዴ ሴት ኦክስጅን ተሰክቶላት ተቀምጣለች፤ ማን እንደሆንኩ አላወቀችም፣ ውኃ እንዳቀብላት ለመነችኝ። አባቴ የኦክስጅን ጭምብሉን ዝቅ አድርጎ «ጫንሽው?» አለኝ። ዛሬ ተጭኗል አልኩት። ውሸት አልነበረም። ስንት ሰዓት እንደቀረ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ሞተ። ልቡ ነው ያቆመው። ነርሶቹ ደረቱን ሲጫኑት እህቴ እግሩን ይዛ ነበር። ሙከራው ሊያልቅ ሦስት ሰዓት ይቀረው ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ሙከራው አለቀ፤ አለፈ። አሥር ሰዓት ላይ ስድሳ ስምንቱም ማሽኖች ሠሩ። ነጋዴዋ ያን ዕለት ታጠበች፤ እንደምትድን ሰምቻለሁ።

ኤሊ ለቅሶ መጣ። ጥግ ወንበር ይዞ ግማሽ ቀን ተቀመጠ፤ ሲወጣ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ ሄደ። እህቴ ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። አንባቢው ነው አልኳት።

ሰው ተበትኖ ሁለታችን ብቻ ስንቀር የአባቴን ክፍል ማጽዳት ጀመርን። እህቴ አንሶላ እያጠፈች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ አለቃሽ ቅዳሜ ፈርሞ ነበር አይደል አለችኝ። አዎ አልኳት። እሑድ ጠዋት ብትጫኚው ሰኞ ጠዋት ማሽን ላይ ይተኛ ነበር አይደል አለች። አዎ። ሠላሳ ሰባተኛውን ነገርኳት፤ ስለ ሠላሳ ሁለቱ፣ ስለ ሠላሳ አንዱ፣ በጣቴ ብርድ ልብሱ ላይ እየጻፍኩ። ጎበዝ ናት፤ ከኔ ትምህርት የሚበልጥ ባይኖራትም ገባት።

«ያ ነገር የሚመጣው ማሽኑ ሳይጠፋ ስንት ቀን ከሠራ ነው?» አለችኝ።

«ስድሳ ሦስት።»

«የአባባ ክሊኒክ ግን ማታ ማታ ያጠፋል።»

«ያጠፋል።»

አንሶላውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ስለዚህ እሱን አይነካውም ነበር። ሌላውም ቢሆን ጠፍቶ ነው የሚነሣው፤ ስድሳ ሦስት ቀን ነበራችሁ። እሱን አጥባችሁ፣ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ማንበብ ትችሉ ነበር።»

አንዴ ከተለቀቀ ማንም አያነብም ልላት ነበር። አለቃው በማግስቱ ለኤሊ ሌላ ሥራ ይሰጠው ነበር፤ ወረቀቱ እንደ ባለፈው ለሁለት ታጥፎ መሳቢያ ይገባ ነበር፤ ስድሳ ሦስቱ ቀን ያልቅና አንዲት ሌላ ሰፊ ክንዷን ዘርግታ ትተኛ ነበር ልላት ነበር። እውነት ይመስለኛል። ግን ኤሊን አሁን አውቀዋለሁ፤ ሊያነብ ይችል እንደነበርም አውቃለሁ። ሐሙስ ዕለት ለአባቴ ብዬ የስድሳ ሰባት ሰው ነፍስ ለአራት ሰዓት በእጄ ይዤ ዝም ብያለሁ። እሑድ ደግሞ ለማላውቃቸው ብዬ የእሱን ለቀቅኩ። በሁለቱም ቀን ያው እኔ ነኝ፤ የትኛው ቀን ላይ እንደተሳሳትኩ ቢጠይቁኝ ምላሴ አይታዘዘኝም።

«እኔ ብሆን እጫነው ነበር» አለች እህቴ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ» አልኳት።

ተነሥታ ትራሶቹን ወንበር ላይ ከመረች፤ ፍራሹን ጠቅልላ ግድግዳው ላይ አስደገፈች። አልጋው ጠባቡን ክፍል ሞልቶት ነበር፤ ከብረት ነው፣ አባቴ ራሱ የበየደው። እሷ ራስጌውን ያዘች።

«ግርጌውን ያዢ» አለችኝ። ያዝኩት።